ሰማይ ላይ ያገኘነው አያት

ካናዳ ሄጄ መጣሁ። እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ሺምሾን ሰፈር ውስጥ ይሄን ያልሰማ ካለ ጆሮውን ይታይ። እኔ በአፌ ለሁሉም አውርቻለሁ፤ ግን ወሬ እግር አለው፤ ባለፈው አውቶቡስ ላይ አንዱ “አዲሱ አውሮፕላኑን ራሱ ነዳሁት ይላል” ብሎ ለእኔው አወራልኝ። እኔ መሆኔን አላወቀም። ነዳሁ አላልኩም። ቢሰጡኝ አያቅተኝም ነበር ነው ያልኩት። ስለዚህ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ እናንተ ብቻ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

መነሻው እንዲህ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ጥሩ አንድ ልጅ አላቸው፣ አለምነው የሚባል። በሱዳን በኩል ስንወጣ ተበታትነን እሱ ቶሮንቶ ወጣ፣ እኛ እዚህ አሽቀሎን። አሁን ሊያገባ ሆነና ለእናቱና ለአንድ አጃቢ ቲኬት ላከ። ዘመድ ተሰብስቦ ማን ያጅባቸው ተባለ። አንዱ ሠራዊት ውስጥ ነው፣ አንዱ ፈተና አለበት፣ አንዱ አውሮፕላን ይፈራል። እኔ የእንጨት ሳጥን ፋብሪካ ነው የምሠራው። አለቃዬን ፈቃድ ብጠይቀው “ሂድ፣ ሂድ፤ እኛም ትንሽ ጸጥታ እንስማ” አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን

በጠዋት ተነሳን። የፋብሪካ ጓደኛዬ በመኪናው ሎድ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ወሰደን። እትዬ ጥሩ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ የሙሽራውን ነጭ ልብስ ይዘዋል። እኔ የያዝኩት ገበጣዬን ነው። ከፋብሪካው ውዳቂ እንጨት ራሴ የቦረቦርኩት፣ ስድስት ጉድጓድ በዚህ፣ ስድስት በዚያ፤ ጠጠሩን ከባሕር ዳር አንድ በአንድ መርጬ የለቀምኩት ነው። ሺምሾን ውስጥ በገበጣ የሚያሸንፈኝ የለም። ሽማግሌዎቹ አለ ይላሉ፤ ሽማግሌ የማይለው የለም።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቢታኾኗ፣ ሻንጣ የምትፈትሸው ልጅ ማለቴ ነው፣ ገበጣውን አውጥታ ገለበጠችው፣ አንኳኳችው፣ አሸተተችው።

“ይሄ ምንድነው?”

“ጨዋታ።”

“ማን ሰጠህ?”

“ራሴ ሠራሁት።”

“ድንጋዮቹንስ ማን ሰጠህ?”

“ባሕሩ።”

“አደራ አድርስልኝ ያለህ ሰው አለ?”

“ባሕሩ ምንም አላለኝም።”

እትዬ ጥሩ ክንዴን ቆነጠጡኝ። “ኧረ አንተ ልጅ ዝም በል! የሱዳን ድንበር ጠባቂ እንኳ እንዲህ አላፈጠጠብንም” አሉኝ። ልጅቷ አላመነችም። “ጨዋታ ከሆነ አጫውተኝ” አለች። አጫወትኳትና አሸነፍኳት። አለቃዋን ጠራች፤ እሱም “እስቲ ልየው” ብሎ ተቀመጠ፤ እሱንም አሸነፍኩት። ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ ይጮኻል። አለቃው ጠጠሬን በጁ አፍሶ መለሰልኝና “ያላ፣ እለፉ!” አለ። ሰው ሲሸነፍ ቋንቋው ይሄው ነው፣ በየትም አገር።

አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። እንደምታውቁት መጥተን ስንመዘገብ የአያታችንን ስም ሚሽፓኻ ብለው ጻፉልን፣ የቤተሰብ ስም መሆኑ ነው። በዚህ ሂሳብ እኔ አዲሱ መርሻ ነኝ። እትዬ ጥሩ ደግሞ የመርሻ ልጅ ናቸው፤ የእሳቸው አያት ወርቁ ነው፣ ስለዚህ ጥሩነሽ ወርቁ። ከገዛ አክስቴ ጋር በወረቀት ባዳ ነን። አስተናጋጇ ቲኬት አየችና እሳቸውን ፊት ለፊታችን ባለው ወንበር፣ አንድ ግዙፍ ሰውዬ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። እኔን “ሚስተር መርሻ፣ ሚስትህ እዚህ ናት” ብላ አንዲት ልጅ አጠገብ ወሰደችኝ።

ልጅቷ የእኛው አገር ልጅ ናት። ፈንታነሽ መርሻ ትባላለች። ሌላ መርሻ። እኔ ዝም አልኩ፣ ምን በወጣኝ! እሷ ናት እጇን ያወጣችው።

“ስሊኻ፣ ይቅርታ፣ እኔ ይሄን ሰውዬ አላውቀውም።”

አስተናጋጇ ሳቀች። “እኔም ባሌ ሲያናድደኝ እንደዚያ ነው የምለው” ብላ ሄደች።

ወዲያው ጨዋታ ጀመርን። ጀመርን ስል እኔ ጀመርኩ። ፈንታነሽ ከእናቷ ጋር እዚሁ ሺምሾን፣ ከገበያው ማዶ ነው የምትኖረው፤ ባርኔአ የሚባለው ሰፈር እየሄደች አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። በየቀኑ አንድ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ እኔ ከፊት እሷ ከኋላ፣ ሳንተዋወቅ! እህቷ ቶሮንቶ ወልዳ ልትጠይቃት ነው የምትሄደው። በሱዳን በኩል ልጅ ሆና ስለመጣች ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደገችው፤ በአማርኛ ስጠይቃት በዕብራይስጥ ትመልሳለች። ስትሳደብ ግን በጎንደር አማርኛ ነው፣ ጥርት ባለው።

እትዬ ጥሩ አጠገብ ያለው ግዙፍ ሰውዬ ሮማንያዊ ነው፣ ያንኩ ይባላል። ማግኔት ያለው ትንሽ ቼዝ አውጥቶ ብቻውን ሲጫወት አየሁትና አዘንኩለት። ቼዝ አላውቅም፤ ግን ሰሌዳው የዳማ ሰሌዳ ነው። ወንበሩን ተደግፌ ቆምኩና በእጅ በእግሬ ዳማ አስተማርኩት። እኛ አገር ዳማ ያለ ስድብ ወጥ ያለ ጨው ነው ብዬም አስረዳሁት። ሰውዬው ገባው። አንዱን ስበላበት በሮማንያ ቋንቋ የሆነ ነገር ያወርድብኛል፤ እሱ ሲበላብኝ እኔ “አንተ የዝሆን አማች!” እለዋለሁ። ሁለታችንም አንግባባም፤ ሁለታችንም ጠገብን። መጨረሻ ላይ አሸነፍኩት። ዞር ብዬ ፈንታነሽን ሳያት ጋዜጣ እያነበበች ነው። ጋዜጣው ተገልብጧል ብል ዋሸሁ፤ ደህና ነው የያዘችው። ግን ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ ነበር።

“አላየሽም?” አልኳት።

“ጮኸህ ነው የምታሸንፈው? ወይስ ስታሸንፍ ነው የምትጮኸው?”

“አንቺ ትሞክሪያለሽ?”

“ገበጣህን አምጣ።”

ገበጣውን የምሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሸነፈችኝ። ሰሌዳው ዘመም ብሎ ነበር። ሁለተኛም አሸነፈችኝ፤ ያኔ ርቦኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ጥሩ እየሄድኩ ሳለ አውሮፕላኑ እንደ ጭልጋ መንገድ ይንገጫገጭ ጀመር። ጠጠሬ በሙሉ ተበተነ! አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ፣ አንዱ ተኝቶ የነበረ ሰው ጫማ ውስጥ። ያንኩ የማግኔት ቼዙን ከፍ አድርጎ እያሳየኝ ይስቃል። ግን ሰው ደግ ነው፤ መናወጡ ሲቆም ከኋላ ካሉት ወንበሮች ጠጠሩ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ መጣ። አንድ ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ረቢ አንዱን ጠጠር በመሐረብ ጠቅልለው አመጡልኝ፣ ዕንቁ መስሏቸው። አንድ እንኳ አልጠፋም። አሽቀሎን ውስጥ ሕንጻችን ደረጃ ላይ ኳስ ብትጥል አታገኘውም።

አሁን ልቤን ልናገር። በዚያ ሰዓት ፈንታነሽ ጠጠር ፍለጋ ወንበር ስር ገብታ፣ ጸጉሯ ተበትኖ ብቅ ስትል፣ አለቀልኝ። እኔ ብዙ ልጆች አውቃለሁ፣ ማለቴ ያውቁኛል። እንደዚህ ግን ሆኜ አላውቅም። “እሺ፣ ቀጣዩን ካሸነፍኩ አሽቀሎን ስንመለስ እናትሽ ቤት እመጣለሁ” አልኳት። “ካሸነፍክ” አለችና ወደ መጸዳጃው ሄደች። እትዬ ጥሩም ተነስተው ተከተሏት። ወረፋው ረጅም ስለነበር ቆዩ።

ሲመለሱ እትዬ ጥሩ አጠገባችን ቆሙና “ከሁሉ በፊት ዘር ይቆጠር” አሉ።

ይሄን ማብራራት አያስፈልገኝም፤ እስከ ሰባት ቤት ከተገናኘህ አታገባም፣ በቃ። እኔ እስከ አራት ነው የማውቀው፤ ከዚያ በላይ የሽማግሌ ሥራ ነው። ገበጣው ተዘርግቶ ስለነበር በሱ ቆጠርን። ጉድጓዱ ስድስት ነው፤ ሰባተኛውን ጠጠር እትዬ ጥሩ በመዳፋቸው ያዙ። እኔ በበኩሌ፦ አባቴ፣ ስሙ ደረሰ ነው፣ ጠጠር። መርሻ፣ ጠጠር። ወርቁ። አለሙ። ፈንታነሽም በበኩሏ፦ ታከለ፣ መርሻ፣ ቢያድግልኝ፣ ፈረደ። እስካሁን ሰላም ነው።

እትዬ ጥሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ያንተ አለሙ የአባ ጎሽሜ ልጅ ነው። ቆይ፤ ፈረደ ያልሽው፣ የጭልጋው? የአባ ጎሽሜ ልጅ?”

“አዎ! የጭልጋው!” አለች ፈንታነሽ።

“በሉ ተገናኛችሁ። አምስት ላይ። እህትና ወንድም ናችሁ።”

ፈንታነሽ “አይ ወንድሜ!” ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ የምሳዬን ኬክ ወስዳ በላችው። እህት ናታ፤ ማን ይናገራታል።

ሁለተኛውና ተከታዮቹ ቀናት

ቶሮንቶ በረዶ ነው። አሸዋችንን የምታማርሩ ሰዎች፣ አሸዋችንን ሳሙት። ሁለቱም ጫማ ውስጥ ይገባሉ፤ አሸዋ ግን ገብቶ አይቀልጥም። አውቶቡስ ነጂው አሮጊት እስክትቀመጥ ቆሞ ይጠብቃል! የእኛ ነጂ እግርህ ውጭ ሳለ ነው በሩን የሚዘጋው። በዚህ ብቻ ምነው የእኛም እንዲህ በሆነ እያልኩ ቀናሁ።

አለምነው ያለው በጣም ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነው። እናቱን በር ላይ ሲያያቸው ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸው ግን ቀድመው ያዩት ራሱን ነው፤ “ጸጉርህን ምን በላው?” አሉት። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔ መስኮት ስለመከፈቱ አንዳንድ ነገር አወራሁ። ጎረቤቱ አንዲት ፖርቹጋላዊት ባልቴት ስስ ጃኬቴን አዩና ምንም ሳይናገሩ ገብተው የሟች ባላቸውን ካፖርት አምጥተው አለበሱኝ። ሰውዬው ሁለቴ እኔን ያህላል። በካፖርቱ ውስጥ ዞሬ መመለስ እችል ነበር። ቤት ውስጥ እየሞቀኝ እንኳ አላወለቅኩትም፣ ደስ እንዲላቸው።

ፈንታነሽ ደግሞ አልለቀቀችኝም። “ወንድሜ፣ የሕጻኑን አልጋ ከሱቅ እናምጣ።” አልጋውን በጀርባዬ ተሸክሜ በበረዶ ሄድኩ። “ወንድሜ፣ የእህቴ ቤት ሊፍት ተበላሽቷል።” በደረጃ አወጣሁት። እህቷ “አጎትህ መጣ!” ብላ ሕጻኑን ሰጠችኝ፤ ሕጻኑ ካፖርቱ ላይ ሸናብኝ። አጎት መሆን ይሄ ነው።

ሰርጉ ላይ፣ ፈንታነሽም እንደ ዘመድ ተጠርታ፣ የባሰ መጣ። አንድ መነጽር ያደረገ የቶሮንቶ ልጅ ቀረበኝና በትሕትና “ጋሼ፣ የፈንታነሽ ወንድም አንተ ነህ አሉኝ” አለ። ጋሼ! እኩያዬ ነው። “እንዴት ያለች ልጅ ናት?” አለኝ። ምን ልበለው? ወንድም እኮ እህቱን ያሞግሳል። አፌን ከፈትኩ፤ “ጎበዝ ናት፣ ግን…” ብዬ ቆምኩ። “ግን ምን?” “ገበጣ ትጫወታለች” አልኩት። “ይሄ ምን ችግር አለው?” “ተጫወትና እየው።” ሄዶ ተጫወተ። ሦስቴ ሲሸነፍ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ደስ ብሎኝ እስክስታ ወረድኩ፤ ወዲያው ምኑ ነው ያስደሰተኝ ብዬ ሳስብ ደግሞ ቆምኩ። እኔም ወንድም ነኝ።

የመመለሻው ቀን

ፈንታነሽ ከእህቷ ጋር አንድ ሳምንት ቆይታ እንድትመጣ ሆነ። እኔና እትዬ ጥሩ ተመለስን። በዚህኛው ጉዞ አስተናጋጁ አንድ ላይ አስቀመጠን፤ እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ማንንም ጨዋታ አልጋበዝኩም። አጠገባችን የነበረ ተማሪ ገበጣውን አይቶ “ምንድነው?” ቢለኝ “እንጨት” አልኩት። እንደዚያ ሆኜ ነበር።

እትዬ ጥሩ አዘኑልኝ መሰለኝ ራሳቸው ጠጠሩን አደሉና “በል ተጫወት” አሉ። ስንጫወት “እትዬ፣ መቼም አንዴ ሆኗል፤ ዘሬን እስከ ሰባት አስጠኑኝ፣ ሌላ ጊዜ ሰማይ ላይ እንዳላፍር” አልኳቸው። እንቅልፍ ይዟቸው ነበር። ጠጠር እየጣሉ ቆጠሩልኝ። “ደረሰ፣ መርሻ፣ ወርቁ፣ አለሙ፣ ተሰማ…”

“ቆይ! ተሰማ ማነው?”

“የአለሙ አባት ነዋ።”

“አባ ጎሽሜስ?”

እንቅልፋቸው ጠፋ። የቀረበላቸውን ዳቦ ቆረሱና አፋቸውን ሞሉት። እኔም ጠበቅኩ። ዳቦ እንደሆነ ያልቃል።

“ልጅቷ ለመነችኝ” አሉ በመጨረሻ።

“ምን ብላ?”

“‘እትዬ፣ ልጁ ክፉ አይደለም፤ ግን አፉ አያርፍም፤ መንገዱ ገና ረጅም ነው፤ አንድ አያት ይፈልጉልኝ’ አለችኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? የሴት ልጅ ልመና ነው። በአፌ የመጣልኝን ሰጠኋት።”

“አባ ጎሽሜ የሚባል ሰው የለም?”

“እኔ እስከማውቀው የለም።” ቀጥለውም “እየሳቀች ነበር ግን የለመነችኝ” አሉ።

ሰው ልጅ ይወልዳል። እኔ በምላሴ ቅድመ አያት አስወለድኩ!

አሽቀሎን

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እትዬ ጥሩ ከቶሮንቶ ወደ ፈንታነሽ እናት፣ ወደ እማማ ዘውዴ ደውለው “ዘመድ ሆነን ተገኘን” ብለው ነበር፤ ውሸት አንዴ ከተነሳ መቀመጫ ያጣል። እማማ ዘውዴ ልከው ጠሩኝ። ፈንታነሽ በመጣች በመጀመሪያው ሰንበት በእግሬ ሄድኩ። ዘመድ ስለሆንኩ ባዶ እጄን።

አሁን ችግሬን ተረዱልኝ። ዝም ካልኩ እስከ ዕለተ ሞቴ ወንድሟ ነኝ፤ አልጋ ተሸክሜ እኖራለሁ። ከተናገርኩ ደግሞ ሺምሾን በሙሉ፣ አዲሱን ሸሽታ ልጅቷ ከሰማይ አያት አወረደች ይላል። እኔን! በገበጣም በወሬም ተሸንፎ የማያውቀውን!

ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። እንግዳ ብዙ ነው። አባባ ፈንቴ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ አጠገቤ ናቸው። እማማ ዘውዴ “ይሄውላችሁ፣ የአባ ጎሽሜ ዘር” ብለው አስተዋወቁኝ።

አባባ ፈንቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አባ ጎሽሜ! ኧረ ስሙ ብቻ ይበቃል። አባቴ ያወራልን ነበር። ነጭ በቅሎ ነበረችው፣ ጭልጋ ድረስ ውኃ ሳትጠጣ የምትሄድ።”

“ነጭ?” አልኩ።

“እንደ ወተት! ይሄ አፍንጫህ የሱ ነው።”

ፈንታነሽን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ብድግ አልኩ።

“አባ ጎሽሜ የሚባል የለም!” አልኩ። “እትዬ ጥሩ አውሮፕላን ላይ ነው የፈጠሩት። ፈንታነሽ ናት የለመነቻቸው፣ ከእኔ ለመገላገል። ገበጣም አሸንፋኛለች። በጨረስነው ጨዋታ ሁሉ አሸንፋኛለች። ሰሌዳው አልዘመመም።”

እማማ ዘውዴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። “እውነት ነው?”

“እውነት ነው እማ” አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ስትመልስ ሰማኋት። “ግን እኔ አንድ አያት ብቻ ነው የለመንኩት። በቅሎዋን የጨመሩት አባባ ፈንቴ ናቸው።”

ሳቁ ከመስኮት ወጣ። ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ መጣ። አባባ ፈንቴም ሳቁ፣ ትንሽ ዘግይተው።

እማማ ዘውዴ ግን አልሳቁም። “አሁንስ?” አሏት። “ሌላ አያት ይፈለግልሽ?”

ፈንታነሽ አየችኝ። እኔ አልተናገርኩም፤ በሕይወቴ ረጅሙ ዝምታ ያ ነው፤ ምስክር አለኝ።

“አይ” አለች። “ይበቃኛል።”

እማማ ዘውዴ ቀረቡና ሳህኔን አነሱት። “እንግዲያው ስማ አንተ ልጅ። ዘመድ ካልሆንክ፣ ሁለተኛ ብቻህን እዚህ ቤት እንዳትመጣ።”

ሁሉም ወደ አባባ ፈንቴ ዞረ። አባባ ፈንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዘራቸውን አነሱ።

“በቅሎ የለኝም እንጂ እግርስ አለኝ” አሉ።